ምስክርነቱን ማን ቆረጠው? የወንጀል ዶክመንታሪ ወዳጆች ክርክር

ክረምቱ ገብቷል። መብራት ካልጠፋ ማታ ማታ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዷል። እኔም ኢንተርኔት ላይ በምመራው የውይይት ገጽ አንድ ጥያቄ ወረወርኩ። በእውነተኛ ወንጀል ላይ ከተሠሩ ዶክመንታሪዎችና ተከታታይ ድራማዎች መካከል እንቅልፍ ቢያጡለት የማያስቆጨው የትኛው ነው?

ጥያቄ ብቻ አላደረግኩትም። አቋሜንም አብሬ ለጠፍኩ። አንዲትን ግድያ በአሥር ክፍል የሚተርክ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ሰዓታችንን እየበላ ነው አልኩ። ገዳዩ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር የሚያሳየኝ ፊልም ቶሎ ይሰለቸኛል። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና ምስክሩ እንዴት አድርገው እዚያ ፍርድ ላይ እንደደረሱ የሚያሳየኝ ነው የሚይዘኝ።

ለምሳሌ ያቀረብኩት የኤሮል ሞሪስን «ዘ ቲን ብሉ ላይን» ነበር። የወጣው በ1988 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) በ1976 ዳላስ ውስጥ አንድ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ሲጠጋ በጥይት ተመትቶ ይሞታል። ራንዳል አዳምስ የሚባል ሰው ሞት ይፈረድበታል። ሞሪስ ቴክሳስ የሄደው ለሌላ ሥራ ነበር። በሞት ቅጣት ጉዳዮች ላይ ለዐቃቤ ሕግ በመመስከር ስለታወቀ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ፊልም ሊሠራ ነው። እዚያ አዳምስን አገኘው፣ የሐኪሙ ፊልም በዚያው ቀረ። በፊልሙ ውስጥ ተኩሱ በየምስክሩ ቃል እየተቀያየረ ደጋግሞ ይታያል። የሟቹ ባልደረባ የነበረችው ፖሊስ ሚልክሼክ አየር ላይ ሲገለበጥና ሲፈስ በዝግታ እናያለን። ሚልክሼኩ ለጌጥ የገባ አይደለም። ፖሊሷ በዚያች ደቂቃ ከመኪናው ወርዳ ቆማ ነበር ወይስ ውስጥ ተቀምጣ እየጠጣች? ምስክርነቷ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት አይሞላም። አዳምስ በ1989 ተፈታ።

መልሶቹ ከዚያ ወረዱ። ረዣዥሞቹን አሳጥሬ፣ ስድቡን አውጥቼ በተራቸው ላውራችሁ።

መልስ 1

የከፈተው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ወንድም ነው። በምርጫዬ ተስማማ፣ ርዝመቱ ላይ ግን አልማረኝም። «ሜኪንግ ኤ መርደረር»ን ያየ ሰው አሥር ክፍል በዛ አይልም ባይ ነው። ኔትፍሊክስ በዲሴምበር 2015 አንድ አርብ ላይ አሥሩንም ክፍል ባንዴ ሲለቀው፣ እሁድ ማታ ጨርሶ ሰኞ ሥራ ላይ ሲያንቀላፋ መዋሉን ነገረን። ላላየው ሰውም ጠቅለል አድርጎ ተረከ። ዊስኮንሲን ውስጥ ስቲቨን ኤቨሪ የሚባል ሰው ባልሠራው የመድፈር ወንጀል 18 ዓመት ታሰረ። በ2003 የዲኤንኤ ምርመራ ነጻ አወጣው። ካውንቲውን 36 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ክሱ እልባት ሳያገኝ በ2005 አንዲት ሴት በመግደል ተጠርጥሮ ተያዘ፣ በ2007 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወንድማችን ማስረጃውን ፖሊስ ራሱ እንዳስቀመጠበት ቅንጣት ታህል አይጠራጠርም።

መልስ 2

ልደታ አካባቢ ቢሮ ያላት ጠበቃ ናት። በትሕትና ነው የጀመረችው። ፊልሙን የሠሩት ሁለት ሴቶች አሥር ዓመት መልፋታቸውን አከበረች። ቀጥላ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ያልታየውስ? ዐቃቤ ሕጉ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ቀርቶብኛል ብሎ ካነሳቸው ነገሮች ሁለቱን ጠቀሰች። አንደኛው የሟቿ መኪና የኮፈን መክፈቻ ላይ ተገኘ የተባለው የኤቨሪ ዲኤንኤ ነው። ሁለተኛው ኤቨሪ ቁጥሩን ደብቆ ወደ ሟቿ ደውሎ ነበር መባሉ ነው። ጥፋተኛ ነው አላለችም። ግማሽ መዝገብ ይዞ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ቢኖር እዚሁ ልደታ ይግባኝ እንለው ነበር አለች።

መልስ 3 እና 4

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ወዲያው ተመለሰ። ያኔ ለዋይት ሐውስ የቀረበው የምሕረት ጥያቄ ላይ እሱም ፈርሞ ነበር፣ ያኮራኛል አለ። ጠበቃዋ አለሳልሳ ወጋችው። ጥያቄውን ከ100,000 ሰው በላይ ፈርሞታል። ዋይት ሐውስም በጃንዋሪ 2016 በክፍለ ግዛት ሕግ የተፈረደበትን ሰው ፕሬዚዳንቱ ምሕረት ሊሰጠው እንደማይችል መልሷል። ሰውየውን ያሰረው የትኛው መንግሥት እንደሆነ ሳይለዩ ስለ ማስረጃው መከራከር ደስ ይላል አለች። እዚህ ላይ ነገሩ ሊግል ሲል በረድ አድርጉት ብዬ ገባሁ። ማንም አልሰማኝም።

መልስ 5

የክሩ (የዚህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) ምርጥ መልስ የምለው ይህ ነው። የጻፈችው ሚኒሶታ ውስጥ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የምትሠራ እህት ናት። ኤቨሪን ለጊዜው ተዉት፣ የእህቱን ልጅ እዩ አለች።

ብሬንደን ዳሲ 16 ዓመቱ ነበር። በዚያው ግድያ ሲመረመር ወላጅም ጠበቃም አጠገቡ አልነበረም። ቪዲዮው አለ። መርማሪዎቹ ሴትዮዋ ጭንቅላቷ ላይ ምን እንደደረሰባት ደጋግመው ይጠይቁታል። ልጁ ይገምታል። ፀጉሯን ቆረጠ ይላል። አይሆንም፣ ሌላስ? በቡጢ መታት ይላል። አይሆንም፣ ሌላስ? በመጨረሻ አንደኛው መርማሪ ትዕግሥቱ ያልቅና ጭንቅላቷን በጥይት የመታት ማን ነው ብሎ መልሱን ራሱ ይሰጠዋል። ልጁም እሱ፣ ኤቨሪ፣ ነው ይላል። ግድያ ውስጥ እጄ አለበት ብሎ ከተናገረ በኋላ ያሳሰበው ትምህርት ቤት በሰዓቱ መመለሱ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚያስረክበው ሥራ ነበረው።

እህታችን የራሷን ሥራ ዝርዝር አልነገረችንም፣ መናገርም አይፈቀድላትም። ሕጉን ግን አስረዳችን። የአሜሪካ ፖሊስ ለተጠርጣሪ ስለ ማስረጃ ሊዋሽ ይችላል። ጓደኛህ ተናዟል፣ አሻራህ ተገኝቷል ሊል ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 እንዲህ ዓይነቱ ማታለል ብቻውን የእምነት ቃሉን ውድቅ አያደርገውም ብሏል። ልጆችን በምርመራ ላይ መዋሸትን በሕግ በመከልከል የመጀመሪያዋ ኢሊኖይ ናት፣ ያውም በ2021። እሷ የምትሠራበት ሚኒሶታ ደግሞ የእስር ምርመራ እንዲቀረጽ ያዘዘው በ1994 በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ቀረጻ ባይኖር ኖሮ ስለ ዳሲ የምናውቀው ቃሉን ሰጥቷል የሚል ወረቀት ብቻ ይሆን ነበር አለች።

ዳሲን በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የእምነት ቃሉ በፈቃዱ የተሰጠ አይደለም ብሎ ፍርዱን ሽሮለት ነበር። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ያንን ገለበጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ጉዳዩን አላይም አለ። አራት ለሦስት። አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር የልጁ ፍርድ እንደተሻረ ይቀር ነበር።

መልስ 6፣ 7፣ 8

ወሬው ወዲያው ሌላ ቦታ ሄደ። ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ ስለ ዳሲ አንድም ቃል ሳይል አንዱ ክፍል ስንት ሜጋባይት እንደሚወስድ ጠየቀ። ጥቅሉ ሊያልቅበት ነው። ሌላው በፍላሽ የሚሞላ ቤት ጠቆመው። ሦስተኛው የቴሌግራም ሊንክ ለጠፈ፣ እሱን ሰረዝኩት። ልጁ በአማርኛ ትርጉም የለም ወይ ሲል ደግሞ ክሩ በ2016 ወደተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን ሄደ። በአማርኛ የተሰሙት የቱርክ ድራማዎች የአገር ቤቱን አርቲስት ጎዱት ወይስ አነቁት የሚለው ክርክር ከነአቧራው ተመለሰ። ይህን ሁሉ አልተርክላችሁም። ያኔም ማንም አላሸነፈም፣ አሁንም እንደዚያው።

መልስ 9

ይህ ሰው ከየት እንደጻፈ አልተናገረም። ቁጣው ግን ከሩቅ ይሰማል። የፈረንጅ ሬሳ ማየት ምን ይባላል፣ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው ምን እየተማሩ ነው አለ። ተንኮል ማየት የፈለገ «ሰው ለሰው»ን ደግሞ ይይ አለ። አበበ ባልቻ የሠራው አስናቀ ለአንድ አገር ይበቃል ሲል ግን ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ሰውየው ክፉ ገጸ ባሕርይ ይወዳል፣ ልዩነቱ ክፋቱ በአማርኛ እንዲሆንለት መፈለጉ ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከሱም እስካሁን መልስ እጠብቃለሁ።

መልስ 10

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ማታ ሥራ ጨርሳ በስልኳ ነው የምታየው። ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ስለምትተኛ ደም ያለበት ፊልም አትችልም። ወንጀል ሆኖ ደም የሌለበት ነገር ጠቁሙኝ አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ማንም አስቦት አልነበረም። የኔ ጥቆማ በ2022 የወጣው «ዘ ቲንደር ስዊንድለር» ነው። የአልማዝ ነጋዴ ልጅ ነኝ እያለ በፍቅር ስም ሴቶችን ያስበደረ ሰው ታሪክ ነው። በአንዷ ገንዘብ ሌላዋን ያንቀባርራል፣ የግል አውሮፕላኑ ሳይቀር የተከፈለው በሌሎች ዕዳ ነው። አንድ ፊልም ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። እሷም ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ያለ አውሮፕላንም እናውቀዋለን አለች። ብዙ ሰው ሳቀ። ያልሳቁም ነበሩ።

መልስ 11

ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ብዙ አይጽፉም፣ ሲጽፉ ግን ሰው ያዳምጣል። ርዝመት ላይ ያነሳሁትን አንስተው የቀድሞ ሚስቱንና ወዳጇን በመግደል ስለተከሰሰው ጥቁር አሜሪካዊ የስፖርት ኮከብ ኦ.ጄ. ሲምፕሰን የተሠራውን፣ 467 ደቂቃ የሚፈጀውን «ኦ.ጄ. ሜድ ኢን አሜሪካ»ን አቀረቡ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። የኢዝራ ኤደልማን ሥራ ነው፣ በ2016 ወጥቶ በ2017 የዶክመንታሪ ኦስካሩን ወሰደ። ከዚያ በኋላ አካዳሚው በክፍል በክፍል የሚሠራ ዶክመንታሪ እንዳይወዳደር ደንቡን ቀየረ።

ጋሼ እንደሚሉት ሥራው ያን ያህል የረዘመው ግድያውን ለማስረዘም አይደለም። ከግድያው በፊት ብዙ መንገድ ይሄዳል። በ1965 የሎስ አንጀለሱ የጥቁሮች ሰፈር ዋትስ ሲነድ፣ በ1991 ፖሊሶች ጥቁሩን ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ፣ በ1992 ፖሊሶቹ ነጻ ሲባሉና ከተማው ሲቃጠል ያሳያል። ይህን ያላየ ሰው በኦክቶበር 3 ቀን 1995 ኦ.ጄ. ሲምፕሰን ነጻ ሲባል ግማሹ ከተማ ለምን እንደጨፈረ አይገባውም። ጋሼ ያን ዕለት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተረኛ ነበሩ። የፌርፋክስ ጎዳና ገና ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ አልተሰየመም፣ ስሙን ያገኘው በ2002 ነው። ውሳኔው ሲነበብ መኪና የሚያስረክብ ደንበኛ ጠፋ። ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው። ከዚያ አንዱ መኪና ውስጥ ጥሩንባ ተነፋ፣ ከጎኑ ያለው መኪና ውስጥ ያለችው ሴት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ቁልፍ ለመቀበል የትኛው መስኮት ጋ ልሂድ ብለው መሃል ላይ ቆሙ።

አከበርኳቸው፣ አቋሜን ግን አልለቀቅኩም። ያ ሥራ የአንድ ግድያ ታሪክ ነው አልልም። የአንድ ከተማ ታሪክ ነው፣ ለከተማ ስምንት ሰዓት አይበዛም።

መልስ 12

የባልቲሞር አሽከርካሪ ነው። ስለ ከተማ ካነሳችሁ ስለ ባልቲሞር የተሠራው ተከታታይ ድራማ «ዘ ዋየር» እያለ ምን ታወራላችሁ፣ እውነተኛ ታሪክ እኮ ነው አለ። ወዲያው ከሁለት ሰው እርማት መጣ። ልብ ወለድ ነው። እውነት የሚያስመስለው የጻፉት ሰዎች ማንነት ነው። ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ የወንጀል ዘጋቢ ነበር፣ ኤድ በርንስ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ከሠራ በኋላ መምህር ሆኗል። ከ2002 እስከ 2008 60 ክፍል ወጥቷል። አሽከርካሪው እርማቱን ተቀበለ። ሆኖም በድራማው በሚታዩት ባዶ ቤቶች በር ላይ በየሌሊቱ ሰው እንደሚያሳፍርና ልብ ወለድ ነው ብላችሁ አታሳምኑኝም አለ። አንድ ምክር ጨመረ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ታገሷቸው፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል።

መልስ 13

ቴል አቪቭ ውስጥ ቪዲዮ በማቀናበር የሚተዳደር ልጅ ሲገባ ክርክሩ ወደ ዋናው ነገር ተመለሰ። ምርጫው «ዘ ጂንክስ» ነው። በ2015 በኤችቢኦ ቴሌቪዥን በስድስት ክፍል የታየ፣ የአንድሩ ጃሬኪ ሥራ ነው። ባለጸጋው ሮበርት ደርስት ሦስት ሰዎች ከሞቱበትና ከጠፉበት ነገር ሁሉ አምልጦ የኖረ ሰው ነው። ጃሬኪ ቀደም ሲል ስለ እሱ ሕይወት ልብ ወለድ ፊልም ሠርቶ ነበር። ደርስት ፊልሙን አይቶ ራሱ ደውሎ ቃለ መጠይቅ ልስጣችሁ አለ። ማንም አላስገደደውም!

ልጁ ትዕይንቱን በዝርዝር ነው ያስቀመጠው። ደርስት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፖስታ ቀረበለት። አንዱ ለጓደኛው ለሱዛን በርማን የላከው የራሱ ደብዳቤ ነው። ሌላው እሷ በተገደለች ጊዜ ቤቷ ውስጥ ሬሳ እንዳለ ለፖሊስ የጠቆመው ስም የለሽ ወረቀት ነው። ሁለቱም በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። ሁለቱም ላይ ቤቨርሊ ሂልስ የሚለው የቦታ ስም ውስጥ አንድ ትርፍ «ኢ» አለ። ደርስት ያያል። ግሳት ያመልጠዋል። የትኛውን እንዳልጻፈ መለየት ያቅተዋል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ማይክሮፎኑ ግን ልብሱ ላይ ነው። ለራሱ ያንሾካሹካል። ምን አደረግኩ ብሎ ራሱን ይጠይቅና ሁሉንም ገደልኳቸው ብሎ ይመልሳል።

ፊልሙ እንዲህ ነው ያሰማን። ልጁ የሙያው ሰው ስለሆነ ቀጠለ። በ2019 የቀረጻው ሙሉ ግልባጭ ፍርድ ቤት ሲደርስ ቅደም ተከተሉ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ገደልኳቸው የሚለው ቀድሞ ነው የተነገረው። ምን አደረግኩ የሚለው ከብዙ ሌላ ጉርምርምታ በኋላ ነው የመጣው። ጥያቄና መልስ ያደረጋቸው መቀስ ነው። ልጁ በዚህ አልተናደደም። የማቀናበሪያው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ ቢሆን እኔም አደርገው ነበር አለ።

መልስ 14 እስከ 16

ጠበቃዋ እሳት ለብሳ መጣች። የሰው ቃል አገጣጥሞ ኑዛዜ ማውጣት ሥራዬ ነው የሚል ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቢቀጠር ይሻለዋል አለች። ልጁ ደርስት በ2021 በበርማን ግድያ ጥፋተኛ መባሉን አስታወሳት። ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ ምን ተበደለ? እሷም በጥፋተኛ ላይ የተለመደ መቀስ ነገ ንጹሕ ላይ ያርፋል፣ በየትኛው ላይ እንደሆንክ ደግሞ ስትቆርጥ አታውቅም አለችው። አስተርጓሚዋ በሁለቱ መካከል ገባች። ዳሲን ያሳየን ቀረጻ ነው፣ ደርስትን ያሳየንም ቀረጻ ነው፣ ልዩነቱ የመጀመሪያው ርዝመቱን ይዞ መምጣቱ ነው አለች። እኔ ከጠበቃዋ ጋር ነኝ። ልጁ ግን ስላልዋሸን ደስ ብሎኛል፣ ብዙ አቀናባሪ ይህን ነገር አይነግራችሁም።

መልስ 17

«ዘ ስቴርኬዝ»ን ያነሳው ሰው ነገሩን አቀለለልን። ጸሐፊው ማይክል ፒተርሰን ሚስቱ በ2001 ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። የፈረንሳይ ቡድን ከክሱ መጀመሪያ ጀምሮ ቤቱ ገብቶ ቀረጸ። በ2003 ተፈረደበት፣ በ2011 ወጣ፣ በ2017 ጥፋቱን ሳያምን ክሱን የሚቀበልበት ስምምነት ፈጽሞ ጉዳዩ ተዘጋ። አንድ ጎረቤት ጠበቃ ሴትየዋን የመታቻት ጉጉት ናት ብሎ ተከራከረ፤ እጇ ላይ በተገኘው ፀጉር ውስጥ ጥቃቅን ላባ ነበርና። አያቶቻችን ጉጉት ጣሪያ ላይ ስትጮህ የሚያባርሯት ያለ ነገር አይደለም የሚል ቀልድ ለአንድ ቀን ያህል ክሩን ያዘው። ከሳቁ መካከል ግን ጠበቃዋ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ከፊልሙ አርታኢዎች አንዷ ከተከሳሹ ጋር የፍቅር ግንኙነት ነበራት። አርታኢዋ ሥራዬን አልነካውም ብላለች። የቴል አቪቩ ልጅ ለዚህ መልስ አልሰጠም።

መልስ 18

ቀድሞ ለጋዜጣ የፍርድ ቤት ዜና ይጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው። እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያነቡ ነበር። እናንተ ስለ ዊስኮንሲን ስታወሩ እኔ የማስበው ስለ ኢቲቪ ነው አሉ።

በኅዳር 2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ» በሦስት ክፍል ታየ። በሽብር የተጠረጠሩ ሰዎች ጉዳያቸው ፍርድ ሳያገኝ በቴሌቪዥን ቀረቡ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» ተላለፈ። ይኛው እንዳይታይ ፍርድ ቤት እግድ ሰጥቶ ነበር፣ ቢሆንም ታየ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በክርክሩ ሂደት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። በሳሎናችን ግን ፍርዱ ከዜና በኋላ ተሰጥቶ አደረ። ተጠርጣሪው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ይናገራል። የሚጠይቀው ሰው አይታይም። ከዚያች ደቂቃ በፊት ስንት ሰዓት እንደተጠየቀ፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ አይታይም። ሰውየው የዳሲን ቪዲዮ ሲያዩ አሳዘነኝ ከማለታቸው በፊት ቀንተዋል። ክፍሉ ከነመርማሪው፣ ከነዝምታው ይታያልና።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 19 እና 20

ፖለቲካ አታምጡብን የሚል አንድ መልስ መጣ። መልስ 18ን እንድሰርዘውም ጠየቀኝ። አልሰረዝኩትም። ርዕሱ ይኸው ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድም ግን ገረመኝ። «አኬልዳማ»ን ያኔ አባቱ ቤት ሆኖ እንዳየው፣ ሙዚቃው እስካሁን ከጆሮው እንዳልጠፋ ጻፈ። ከሱ ሌላ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ስለ ኤቨሪ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

መልስ 21

በዩቲዩብ የግድያ ታሪክ በአማርኛ የሚተርኩ ቻናሎችን ያነሳች አንዲት እናት ናት። ስልክ ላይ የሚመጣው ምስል ደም የተቀባ የሟች ፎቶ ነው፣ ከሥሩ ልብ የሚሰብር የሚል ጽሑፍ፣ መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ። ቤተሰቡን ማን ጠየቀው ትላለች። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2022 ብዙ ሰው ስለገደለው ስለ ጄፍሪ ዳመር የተሠራው ድራማ ሲወጣ፣ በፍርድ ቤት በቁጣ የጮኸችበትን ቀን ቃል በቃል ተውኔት ሆኖ ያየች የአንድ ሟች እህት ማንም እንዳላናገራት ተናግራለች። እኔ ያን ድራማ ለማንም አልጠቁምም።

መልስ 22

አስተርጓሚዋ አንድ የመጨረሻ ምርጫ ይዛ መጣች፣ «አንቢሊቨብል»። በ2019 የወጣ ስምንት ክፍል ድራማ ነው። መነሻው የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ የጋዜጠኞች ሥራ ነው። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ተደፈርኩ ብላ ታመለክታለች። ወንድ መርማሪዎቹ ታሪኩን ደጋግመው ያስነግሯታል፣ ልዩነት ያገኙባታል፣ በመጨረሻ ዋሽቻለሁ እስክትል ያደርሷታል። ከዚያ ሐሰተኛ ጥቆማ ብለው ይከሷታል። ከዓመታት በኋላ ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት ሴት መርማሪዎች ደፋሪውን ሲይዙት የልጅቷ ፎቶ እሱ ጋ ይገኛል። ከተማዋ 150,000 ዶላር ካሳ ከፈለች። እህታችን የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ክፍል አከታትላችሁ እዩ ትላለች። በመጀመሪያው መርማሪው ወረቀቱን እያየ ይጠይቃል። በሁለተኛው መርማሪዋ የት ብንቀመጥ ይሻልሻል ብላ ትጠይቃለች።

መልስ 23

ጥቅሉ ሊያልቅበት የነበረው የአዲስ አበባ ልጅ ተመለሰ። ሁሉንም ማውረድ አይችልም፣ አንድ ብቻ ምረጡልኝ አለ። ጠበቃዋ «ዘ ቲን ብሉ ላይን»ን አለችው፣ የቴል አቪቩ ልጅ «ዘ ጂንክስ»ን፣ ጋሼ ደግሞ እንደጠበቅነው ስምንት ሰዓቱን። የኔን ድምፅ የሰጠሁት ለመጀመሪያው ነው። አንድ ፋይል ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። አዳምስ ከተፈታ በኋላ በታሪኩ መብት ጉዳይ ሞሪስን መክሰሱን፣ ቴክሳስም ለታሰረበት ዘመን ካሳ ሳይሰጠው በ2010 መሞቱን ግን ፊልሙ አያሳይህም፣ ስትጨርስ ፈልገህ አንብብ አልኩት። ልጁ ሰብታይትሉ ለብቻው ነው የሚወርደው ወይስ አብሮ አለ ብሎ ጠየቀ። ለብቻው ነው።